የሚዞር መስታወት ኢትዮጵያዊነትን ያሳያልን? ከአዳማ የተጻፈ ክርክር

ለዚህ ክርክር መነሻ የሆነው ገና በወረቀት ላይ ያለ ንድፍ ነው። ንድፉ በአዳማ ከቀድሞው የባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ክፍት ቦታ ላይ፣ ከሰው ቁመት ጥቂት የሚበልጡ፣ እንደ መስታወት የተወለወሉ የአይዝጌ ብረት ሳንቃዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በማጠፊያ እንዲያያዙ፣ ያለ ሞተርም በነፋስ ኃይል ብቻ እየዞሩ እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ያስባል። ዓላማው ኢትዮጵያዊነትን ያለ ሐውልትና ያለ ሰንደቅ ዓላማ ማሳየት ነው። ደጋፊው ንድፉን ያዘጋጁት ቀራጺ ሲሆኑ፣ ተቃዋሚዋ በዚያው ከተማ የታሪክ መምህርት ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ የሚመጣ መንገደኛ በኮረብቶቹ ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ተርባይኖች ሳያይ አያልፍም። የመጀመሪያው ማመንጫ በ2012 በ51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው በ2015 በ153 ሜጋዋት አቅም ሥራ ሲጀምሩ የኪነ ጥበብ ሥራ ብሎ የጠራቸው አልነበረም፤ ለእኔ ግን በአገራችን ከቆሙት ተንቀሳቃሽ ቅርጾች ሁሉ ግዙፎቹ እነርሱ ናቸው። ይህን የምለው ለቀልድ ብቻ አይደለም። የአዳማ ሰው ሸራውን ሲወጥር፣ ልብሱን ሲያሰጣ፣ የሱቁን በር ሲከፍት ነፋሱን አስቦ ነው። በዚህች ከተማ ለሚቆም ሥራ ነፋስን አንቀሳቃሽ ማድረግ ከቦታው ጠባይ የተወሰደ ውሳኔ ነው።

የሚንቀሳቀስ ቅርጽ ጥበብ ራሱ ከውጭ መምጣቱን ግን አልደብቅም። ሩሲያዊው ቀራጺ ናኡም ጋቦ ከወንድሙ ጋር በ1920 በሞስኮ ባወጣው መግለጫ፣ ቅርጽ በግዝፈት ብቻ ሳይሆን በጊዜና በእንቅስቃሴም ሊሠራ እንደሚገባው ተከራከረ፤ በ1955 ፓሪስ በሚገኘው የደኒዝ ረኔ ጋለሪ የቀረበው ዐውደ ርእይ ደግሞ ይህን ሐሳብ በብዙ ሠዓልያንና ቀራጽያን ሥራ አስመሰከረ። ልብ ሊባል የሚገባው የሠሪዎቹ ማንነት ነው። ሶቶና ክሩዝ-ዲየዝ ከቬኔዝዌላ፣ ለ ፓርክ ከአርጀንቲና፣ ታኪስ ከግሪክ፣ ቲንገሊ ከስዊዘርላንድ ተነሥተው ፓሪስ የከተሙ ነበሩ። አገራቸውን ከሩቅ ሆነው የሚያስቡ ሰዎች ከቆመ ቅርጽ ይልቅ የሚንቀሳቀሰውን መምረጣቸው ለእኔ እንዲያው የሆነ ነገር አይመስለኝም።

ከእነርሱ መካከል ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ሁልዮ ለ ፓርክ ነው። በ1928 በሜንዶዛ የተወለደውና በ1958 ፓሪስ የገባው ይህ ሰው፣ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ሳህኖችን በክር እያንጠለጠለ ብርሃኑ በአየር ንቅናቄ ብቻ በግድግዳ ላይ እንዲሮጥ ያደርግ ነበር። በ1960 ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው ቡድን ተመልካቹን ቆሞ ከማድነቅ አውጥቶ የሥራው ተካፋይ ማድረግ ይፈልግ ነበር፤ ኤፕሪል 19 ቀን 1966 ሥራዎቻቸውን ከጋለሪ አውጥተው ቀኑን ሙሉ በፓሪስ ጎዳናዎች ለአላፊ አግዳሚው አቀረቡ። በዚያው ዓመት የቬኒስ ቢየናሌ፣ በኢጣሊያ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ ታላቁን የሥዕል ሽልማት ሰጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ በተማሪዎችና በሠራተኞች የግንቦት ዐመፅ ስለተሳተፈ ፈረንሳይ ለወራት ከአገር አስወጣችው፤ በብርሃንና በብረት የተከበረው ሰው በፖለቲካው ሜዳ የውጭ ሰው ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ንድፉ ልመለስ። አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ሲዞር ከእርሱ የሚመለሰው ብርሃን በእጥፍ ይዞራል፤ ሳንቃው 10 ዲግሪ ቢዞር ብርሃኑ 20 ዲግሪ ይሄዳል። በዚህም የተነሣ ነፋሱ ጥቂት ሲገፋ በሳንቃው ውስጥ የሚታየው ዓለም ብዙ ይንቀሳቀሳል፤ የገዛ ፊቱን ሲያይ የነበረ ሰው ወዲያው ከጎኑ የቆመችውን ሻይ ሻጭ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ መንገድ የሚያቀና ተሳቢ ያያል። ሁለት መስታወቶች በማጠፊያ ሲጋጠሙ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። በመካከላቸው ያለው ማእዘን 90 ዲግሪ ሲሆን ሦስት ምስል፣ 60 ሲሆን አምስት፣ 45 ሲሆን ሰባት ይታያል። በ90 ዲግሪ ላይ በመካከል የሚወጣው ምስል እንደለመድነው ቀኝና ግራው የተቀያየረ አይደለም፤ ሰውየው ራሱን ሌሎች በሚያዩት መልክ ያየዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ቀኝ እጁን ሲያነሣ ምስሉ ያልጠበቀውን እጅ ስለሚያነሣ ግራ ይጋባል። የገዛ ፊቱ እንግዳ ይሆንበታል። ስለ ኢትዮጵያዊነት ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የሚያነሣ ሐውልት እኔ አላውቅም፤ አንድ ሆኖ የመጣው ሰው ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ሆኖ ይታያል፤ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ እርሱ አይደለም።

ሐውልት ይሻላል ለሚሉ የሐውልቶቻችንን ዕጣ አስታውሳለሁ። በአዲስ አበባ የቆመው የሌኒን ሐውልት በ1991 ከሥርዓቱ ጋር ወደቀ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ፣ ብዙ ሰው የሚያከብረው፣ ለባቡር ግንባታ በ2013 ተነሥቶ እስከ 2016 ከቦታው ርቆ ቆየ። ዛሬ አዲስ ሐውልት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቅርጹ ውበት ሳይሆን የማን ወገን እንደሆነ ነው። አንድ ፊት መርጦ በናስ ማፍሰስ ሌሎቹን ፊቶች መተው ስለሆነ፣ ፊት የማይመርጥ ሥራ እንዲቆም እጠይቃለሁ።

ተቃዋሚ

ወንድሜ ቀራጺው ስለ ነፋሱና ስለ ማእዘኑ ሲያስረዱ የሚያስደስት ትክክለኛነት አላቸው፤ በፊዚክሱ አልከራከርም። የምከራከረው ከፊዚክሱ ወደ ኢትዮጵያ በተዘለለው ዝላይ ላይ ነው። ሰባት ምስል የሚያሳየው ማጠፊያ ናይሮቢ ቢተከል ለኬንያዊው፣ ሊማ ቢተከል ለፔሩያዊው ያንኑ ሰባት ያሳያል። ስለ አንድ አገር የሚናገር ሥራ ከቦታው ሲነቀል አንድ የሚያጣው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ የእርስዎ ሳንቃዎች ግን በጭነት መኪና ተጭነው ቢሄዱ የሚያጡት የለም፤ ነፋሱም በሌላ አገር አይጠፋም።

እርስዎ ያወሱት የ1966ቱ የቬኒስ ቢየናሌ ሌላም መስታወት ነበረው። ጃፓናዊቷ ሠዓሊ ያዮይ ኩሳማ ያለ መደበኛ ግብዣ ወደ 1,500 የሚጠጉ እንደ መስታወት የሚያበሩ ኳሶችን በሣር ላይ ዘርግታ፣ ራስን መውደድ ለሽያጭ መቅረቡን የሚናገር ሰሌዳ አቁማ፣ አንዱን ኳስ በ1,200 ሊሬ ትሸጥ ነበር፤ አዘጋጆቹ ሽያጩን አስቆሙት። እኔ ከለ ፓርክ ሽልማት ይልቅ የኩሳማ ሰሌዳ ስለ መስታወት እውነቱን የተናገረ ይመስለኛል። ሰው በመስታወት ፊት ሲቆም ስለ ጎረቤቱ አያስብም፤ ጸጉሩን ያስተካክላል። ዛሬ ደግሞ ስልኩን ያወጣል። በ2006 በቺካጎ የተመረቀው የቀራጺ አኒሽ ካፑር ሥራ፣ ክላውድ ጌት፣ ከ168 የአይዝጌ ብረት ሳህኖች ተበይዶ ብየዳው እስከማይታይ የተወለወለ፣ በሙያ ደረጃ የሚደነቅ ሥራ ነው፤ በዙሪያው ያለውን ሕዝብ ግን ያየሁት በብዛት ሰልፊ ሲነሣ በሚያሳዩ ፎቶዎች ነው። ስለ አሜሪካ የነገረኝን ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም።

የእኛን የሥዕል ልማድ ደግሞ ተመልከቱ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እየታየ፣ ክፉውን በጎን ፊቱ በአንድ ዓይን ብቻ የሚስሉበት ሥርዓት ዘመናትን የተሻገረ ነው። በዚህ ሥርዓት የሚያየው ሥዕሉ ነው፤ የሚመረመረው ተመልካቹ ነው። ከፊቱ የቆመ ሰው ሰማዕቱ ምን እንደከፈለ እያሰበ ራሱን ይመዝናል፤ መመዘኛው ከእርሱ ውጭ ነው። በመስታወት ፊት መመዘኛውም ተመዛኙም አንድ ሰው ይሆናል። በአዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽም አፈወርቅ ተክሌ በ1961 ያጠናቀቁት 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት አለ፤ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን በሦስት ክፍል ያሳያል። እዚያም ብርሃን አለ፤ ፀሐይ ስትዞር ቀለሙ በወለሉ ላይ ይዞራል፤ ነገር ግን ሠዓሊው አንድ ነገር ብለዋል። ያሉትን ልቀበል እችላለሁ፣ ተስፋውን አበዙት ብዬ ልቃወም እችላለሁ። ከሚዞር ብረት ጋር በምን እከራከራለሁ?

አንድ ማስረጃ ከራስዎ ዝርዝር ልውሰድ። ክሩዝ-ዲየዝ በ1970ዎቹ በማይኬቲያ ለሚገኘው የሲሞን ቦሊቫር አውሮፕላን ማረፊያ የሠራው ባለቀለም የወለል ንጣፍ ብሔራዊ ማንነትን ለመፈተሽ የታሰበ አልነበረም፤ ሠሪው የሚፈትሸው ዓይን ቀለምን እንዴት እንደሚያይ ነበር። ከ7 ሚሊዮን በላይ ቬኔዝዌላውያን አገራቸውን ለቀው ሲወጡ ግን ብዙዎቹ እግራቸውን በዚያ ወለል ላይ አቁመው የስንብት ፎቶ አነሡ። ሰድሩን ፈልቅቀው ይዘው የሄዱም ነበሩ። ሥራው የአገር ምልክት የሆነው ከተሠራ ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ በሕዝቡ ዕጣ ምክንያት ነው። ቀራጺ በማብራሪያ ወረቀቱ ላይ ይህ ሥራ ኢትዮጵያዊነትን ይፈትሻል ብሎ ስለጻፈ ብቻ ሥራው ይህን አያደርግም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ማብራሪያው ከብረቱ በፊት መቆሙ ነው።

ደጋፊ

እህቴ መምህርት ያቀረቡት ወለል ለእኔ የሚመሰክር ይመስለኛል። በዚያ ወለል ላይ ምንም አልተሳለም፤ ጀግናም ታሪክም የለበትም፤ ሰው ሲራመድበት ቀለሙ ሲለወጥ ያያል፣ ሥራው ይኸው ነው። ለቀው የሚወጡት ሰዎች የሸሹት በነፃነት ጀግናቸው በቦሊቫር ስም የሚምል መንግሥትን ነበር። በዚያ ቦታ የቦሊቫር ሐውልት ቆሞ ቢሆን ኖሮ ከእግሩ ሥር ቆመው ፎቶ ይነሡ ነበርን? አገራቸውን ከመንግሥታቸው ለይተው የሚሰናበቱበት ነገር ያገኙት ወለሉ ማንንም ስላልወከለ ነው። እርግጥ ነው፣ ትርጉሙን ሕዝቡ ሰጠው። ሕዝብ ትርጉም የሚሰጠው ግን ቦታ ለተተወለት ሥራ ነው፤ ሞልቶ ለተጻፈበት ሰሌዳ አይደለም።

የሥዕላችንን ሁለት ዓይን ያነሡበት አንቀጽ ከጽሑፍዎ ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ሳነበው ንድፌን እንደገና አውጥቼ አይቻለሁ። ይሁንና አንድ ነገር ያልፈዋል። በምናወራበት አደባባይ ከሚያልፈው ሕዝብ ብዙው የቅዱሳን ሥዕል በማይሰቀልበት ቤት የሚጸልይ ነው። ለሙስሊሙና ለፕሮቴስታንቱ ያ የሚያይ ዓይን የጎረቤቱ ቅርስ ነው፤ ሊያከብረው ይችላል፣ እንዲመዝነው ግን አልጠየቀውም።

ይህን ጥያቄ በሌላ አገር በሚገባ የሠራችበት ሠዓሊ አለች። ሙኒር ሻህሩዲ ፋርማንፋርማያን በ1922 በቃዝቪን ተወልዳ፣ በወጣትነቷ ኒው ዮርክ ኖራ፣ በሺራዝ የሻህ ቼራግን መቅደስ ስትጎበኝ ውስጡ በጥቃቅን የመስታወት ስባሪ ተለብጦ አየች። ከዚያ በኋላ ይህንኑ ዘመናት ያስቆጠረ የኢራን የእጅ ሙያ ከባለሙያዎቹ ጋር ሆና ከዘመናዊ ጂኦሜትሪ ጋር አዋሐደችው። በሥራዎቿ ፊት የቆመ ሰው ሙሉ ፊቱን አያገኝም። ዓይኑ እዚህ፣ ትከሻው እዚያ፣ በመካከሉ ደግሞ የሌላ ሰው ልብስ ቀለም ይሆናል፤ አንድ እርምጃ ሲራመድ ሁሉም ይቀየራል። ጸጉሩን ሊያስተካክልበት የመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የኩሳማ ሰሌዳ ለሙሉና ለቆመ ምስል የተጻፈ ነው ብዬ የምሟገተው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ሥራዎቿ ተወርሰውባት ኒው ዮርክ በስደት ቆየች፤ በ2004 ተመለሰች፤ በ2017 በቴህራን በስሟ የተሰየመ ሙዚየም ተከፈተ። የሰው መልክ የሌለበት መስታወት የሥርዓት ለውጥን ተሻግሮ የአገር ሀብት ለመባል በቃ።

አቋም የለውም ለሚለው ደግሞ በርሊንን እጠራለሁ። አርክቴክት ኖርማን ፎስተር ባደሰውና በ1999 ሥራ በጀመረው የጀርመን ምክር ቤት ጉልላት ውስጥ 360 መስታወቶች የተገጠሙበት ሾጣጣ አለ። መስታወቶቹ የቀኑን ብርሃን ወደ መሰብሰቢያው አዳራሽ ያወርዳሉ፤ የፀሐይን ጉዞ ተከትሎ የሚዞር መከለያም የቀጥታውን ጨረር ያግዳል። ጎብኚው ጠመዝማዛውን መንገድ ይዞ ሲወጣ ከተወካዮቹ ጭንቅላት በላይ ይሆናል፤ በመስታወቶቹም ራሱን ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ተሰባጥሮ ያያል። ሕዝብ ከተወካዩ በላይ ነው የሚል አቋም በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያለ አንዳች ሐውልት ተነግሯል። መስታወት መናገር አይችልም የሚል ሰው ይህን እንዴት እንደሚያልፈው ማወቅ እፈልጋለሁ።

ተቃዋሚ

አላልፈውም፤ ወደ ውስጥ ግን አንድ በር እገባለሁ። በዚያው ሕንፃ ግድግዳዎች ላይ የሶቪየት ወታደሮች በ1945 በርሊንን ሲይዙ በከሰልና በጠመኔ የጻፉት ስማቸውና የመጡበት ከተማ በሩስያ ፊደል ዛሬም ይነበባል። ሕንፃው ሲታደስ አርክቴክቱ እንዲጠበቅ አደረገው። ለጀርመን ተወካዮች ደስ የሚል ጽሑፍ አይደለም፤ ይሰረዝ ያሉም ነበሩ። የእርስዎ 360 መስታወቶች ስለ ጀርመን ሊናገሩ የቻሉት ከሥራቸው ይህ ግድግዳ ስላለ ነው። ግድግዳው ነጭ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ጉልላቱ ከአንድ ቆንጆ የገበያ ማዕከል ጣራ በምን ይለያል?

ስለ ሙኒርም ተመሳሳይ ነገር እላለሁ። ያ መስታወት ኢራናዊ የሆነው ስለሚያንጸባርቅ አይደለም፤ መስታወት የሚቆርጡ፣ በጀሶ የሚያጣብቁ፣ ከአባት የተማሩ እጆች ስላሉት ነው። መቅደሱም፣ ሙያውም፣ የሙያው ባለቤቶችም ቀድመው ነበሩ። በእርስዎ ንድፍ ውስጥ ያንን ቦታ የሚይዘው ምንድን ነው? ከውጭ የሚገባ የብረት ላሜራ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ብቸኛ የአዳማ ነገር የእኛ ምስል ነው፤ እርሱም እኛ ስንሄድ ይሄዳል።

አዳማ ደግሞ የምታስታውሰው ነገር ያጣች ከተማ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በስፍራው በኖረው የኦሮሞ ሕዝብ መካከል አንድ የባቡር ከተማ ማደግ ጀመረ። ከሐረርጌ፣ ከሸዋ፣ ከጉራጌና ከሌላም ቦታ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ አናጢው እየመጣ ከነባሩ ጋር ተጎራበተ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ያደገው እንዲህ ነው። ይህ ሁልጊዜ ሰላማዊ ነበር አልልም፤ መሬቱ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ዛሬም የሚያነጋግር ነው። እኔ የማስተምራቸው ልጆች ይህን ታሪክ በቁርጥራጭ ነው የሚያውቁት፤ አያታቸው የነገሯቸውን አንድ ወገን ይዘው ይመጣሉ፤ የጎረቤታቸው አያት ለልጃቸው የነገሩት ሌላ መሆኑን ክፍል ውስጥ ሲሰሙ ይገረማሉ። ለእነዚህ ልጆች የገዛ ምስላቸውን ማሳየት አዲስ ነገር አይሰጣቸውም። ምስላቸውን በየቀኑ በስልካቸው ያዩታል።

ስለዚህ ተቃውሞዬን ወደ አንድ ጥያቄ ላጥብበው። ሳንቃዎቹ ጀርባ አላቸው። ነፋሱ ሲያዞራቸው ጀርባቸው ፊት ይሆናል። በዚያ ጀርባ ላይ የባቡር ሠራተኛው፣ ወተት ይዛ ከገጠር የምትመጣው እናት፣ ገበያው፣ ጣቢያው በብረቱ ላይ ተቀርጸው ቢገቡ፣ ተመልካቹ አንድ ጊዜ ራሱን፣ አንድ ጊዜ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ያያል፤ ማንን መቼ እንደሚያይ አሁንም ነፋሱ ይወስናል። የእርስዎም እንቅስቃሴ አልተነካም። ንድፍዎ ላይ ጀርባው ባዶ የሆነበትን ምክንያት አልጻፉም።

(የፀሐዩን ነገርም ሳላነሣ አላልፍም። በዚያ ሰፈር ባጃጅ፣ ሚኒባስና ከባድ መኪና ይተላለፋል፤ የቀትር ብርሃን በእጥፍ ፍጥነት እየዞረ የሾፌር ዓይን ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ንድፉ አላሰበበትም።)

ደጋፊ

ከፀሐዩ ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነው። ሳንቃዎቹ ፍጹም ጠፍጣፋ ከሆኑ ጨረሩን ሳይበትኑ ይልካሉ፤ በመንገዱ በኩል የሚቆሙት ጥቂት ወደ ውጭ የጎበጡ ቢሆኑ፣ የባጃጅ የጎን መስታወት እንደሚጎብጠው፣ ብርሃኑ ይበተናል። ማእዘን እየተባዛ ምስል የሚቆጠርባቸው ጠፍጣፋዎቹ በዛፍ ጥላ በኩል ወደ ውስጥ ይዞራሉ። አቧራው የበለጠ ያስቸግራል፤ ኩሽኔታው ካልተሸፈነ በአንድ በጋ ውስጥ ይደርቃል፤ ሳንቃዎቹም በየጊዜው የሚያጥባቸው ሰው ይፈልጋሉ። ይህ ወጪ መሆኑን አምናለሁ።

ሙያ የለውም ስላሉት ግን አልስማማም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሚገኙ የተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችና ሽቦዎች ሰፋፊ ሥራዎችን ይሠራል፤ በብዛታቸው የሰው ፊት የለባቸውም፤ ቁሱ ከውጭ የመጣ፣ በሌላ አገር የተሠራ ነው። ሆኖም ሽቦውን የሚጎነጉነውና የሚያያይዘው እጅ የዚህ አገር እጅ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። አዳማም የራሷ እጅ አላት። ይህች ከተማ የጅቡቲ መንገድ ጋራዥ ናት፤ የተጎዳ የከባድ መኪና አካል ቀጥቅጠው የሚያቃኑ፣ ላሜራ የሚያጥፉ፣ የሚበይዱ ሰዎች ሞልተዋል። እኔ ራሴ ብየዳ የተማርኩት ከእነርሱ ነው እንጂ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አይደለም። ሳንቃዎቹን የሚሠሩት እነርሱ ይሆናሉ፤ ጠርዙን ያጠፈውን ሰው እጅ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

ወደ ጀርባው ልምጣ። ባዶ የተውኩት አስቤበት ነው። ጀርባው አይወለወልም፤ ሰው ይነካዋል፣ ልጆች ይጭሩበታል፣ ማስታወቂያ ይለጥፉበታል፣ ዝናቡና አቧራው ያደበዝዙታል። እርስዎ በበርሊን ያደነቁትን ጽሑፍ ወታደሮቹ ሲጽፉ ኮሚቴ አልፈቀደላቸውም። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው አጥፉት ሳይል ቀረ፣ ሥራው ይኸው ነው። እኔም ጀርባውን ለዚያ ዓይነት ነገር ትቼዋለሁ። እርስዎ እንደሚሉት የባቡር ሠራተኛውንና ወተት ሻጯን ከቀረጽኩ ግን ነገ አንድ ስብሰባ ይጠራል፤ ሠራተኛው ምን ለበሰ፣ ሴቲቱ ጸጉሯን እንዴት ተሠራች፣ ማን ቀደመ የሚለው ይነሣል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ወገን አንድ አንድ ሰው እንዲቀረጽለት ይደረግና ሥራው የባህል ልብስ ሰልፍ ይሆናል። እንዲህ ያለ ግድግዳ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ አለ፤ እርስዎም እኔም ቀና ብለን አይተነው አናውቅም።

ተቃዋሚ

በመጨረሻው ነጥብ አሳቁኝ፤ እነዚያን ግድግዳዎች እኔም አልወዳቸውም። ስብሰባውን መፍራት ግን ለባዶነት በቂ ምክንያት አይሆንም። ስብሰባው ይጠራ። ሠራተኛው ምን እንደለበሰ፣ ማን እንደቀደመ የሚደረገው ክርክር እኮ እርስዎ ኢትዮጵያዊነትን እፈትሻለሁ ሲሉ የፈለጉት ፍተሻ ራሱ ነው፤ በመስታወቱ ፊት የሚሆነው ግን ዝም ብሎ መተያየት ነው። የበርሊንን ወታደር ከአላፊ አግዳሚ ጭረት ጋር ያስተካከሉበትንም አልቀበልም፤ ወታደሩ ከተማ የያዘበትን ቀን ነበር የጻፈው፤ በእርስዎ ብረት ላይ የሚለጠፈው አብዛኛው የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ይሆናል።

የጋራዡን ሰዎች ስላመጧቸው ግን ከሁሉ በላይ ደስ ብሎኛል፤ ይህን በመጀመሪያው ጽሑፍዎ ቢሉት ግማሹን ሙግቴን ባላነሣሁ ነበር። እንግዲያውስ አንድ እርምጃ ይጨምሩ። ሳንቃዎቹ የሚዞሩባቸው ምሰሶዎች ከአሮጌው የባቡር መስመር ሐዲድ ብረት ይሠሩ፤ የተሠራበትና የተነቀለበት ጊዜ በየምሰሶው ላይ ይጻፍ። ይህ የማንንም ፊት አይመርጥም፤ ሥራውም ከዚህ ከተማ ቢነቀል የሚያጣው ነገር ይኖረዋል። ጀርባውን በተመለከተ ግን የቀረጻው ጥያቄዬ ባለበት ነው፤ በእርሱ ላይ ካልተስማማን ድጋፌን አልሰጥም።

ደጋፊ

ሐዲዱን እቀበላለሁ። የሐዲድ ብረት ከባድና የማይናወጥ በመሆኑ ለምሰሶነት ከነደፍኩት ቧንቧ የተሻለ ነው፤ ጊዜውን በላዩ መጻፍም አይከፋኝም። ቀረጻውን ግን አልቀበልም፤ ስብሰባውን ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። በጀርባው ላይ የተቀረጸ ሰው ካለ ተመልካቹ ፊት ለፊቱን የራሱ፣ ጀርባውን የአባቶቹ አድርጎ ይከፍለዋል፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ በማጠፊያው ውስጥ ከጎኑ የቆመውን የማያውቀውን ሰው ከራሱ መለየት እስኪያቅተው ድረስ እንዲያየው ነው። አባቶቹን ለማየት ሙዚየም ሊሠራ ይችላል፤ እንዲሠራም እርስዎ ሲጠይቁ አብሬ እፈርማለሁ።